ክፍት የተተወ ጉድጓድ
የጓሮ ሥራ፣ ትንንሽ ልጆችና የእግዚአብሔር ቃል

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

የዛሬው ርእሳችን ለስብከት የሚሆን ላይመስላችሁ ይችላል። ስለ ጓሮ ነው። ስለ ጭቃ፣ ስለ ምስማር፣ ስለ ጉድጓድ፣ በእነሱም መካከል ስለሚሮጡት ትንንሽ ልጆቻችን ነው። ግን ታገሡኝ፤ የእግዚአብሔር ቃል ስለዚህ ነገር ዝም አላለም።

እኛ ጋ የጓሮ ሥራ መቼ እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ እጅ ላይ ጥቂት ብር ሲገባ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰማዩ ፋታ ይሰጠናል። ከመጋቢት በኋላ ግን ዝናቡ ይጀምራል፤ ኢሉባቦር በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ቀዩ አፈራችን ውኃ ከጠጣ በኋላ አይታመንም፤ ይንሸራተታል፣ ይናዳል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በእነዚያ ሦስት ወራት አጥር ያጥራል፣ ማድ ቤት ይሠራል፣ ሽንት ቤት ይቆፍራል፣ ቦይ ያወጣል። ግንበኛ ለመቅጠር አቅም የሌለው ራሱ ዶማ ያነሣል። እኔም አንዱ ነኝ።

በእኛ ቤት የሆነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ ማድ ቤታችን ድረስ እየገባ ባለቤቴን ያስቸግራት ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ሰባት ዓመቷ፣ ወንዱ አራት ዓመቱ፣ ትንሿ ገና በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። እኔም “በሁለት ሳምንት አስተካክለዋለሁ” አልኩ። አሮጌውን ማድ ቤት አፈረስኩ፣ አጥሩን ነቀልኩ፣ ቦይ ጀመርኩ፣ አዲስ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፈርኩ። አራት ሥራ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። በመካከል ጉባኤ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ብሩም አለቀ። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር አለፈው።

ባለቤቴ በረንዳ ላይ፣ ላስቲክ ወጥራ ነበር የምታበስለው። ጢሱ ወደ ቤት ይገባል፣ ሕፃኗ ታስላለች። ልጆቹ የሚጫወቱበት መሬት የለም፤ የረገጡት ሁሉ ጭቃ ወይም እንጨት ነው። ወንዱ ልጅ ደግሞ ሊረዳኝ ይፈልጋል። አንድ ቀን ከሱቅ ያመጣሁትን ምስማር አንድ በአንድ መሬት ላይ ሲተክል አገኘሁት። “ምን እያደረግክ ነው?” ስለው “አባዬ፣ እንዲበቅልልህ ነው” አለኝ። ወገኖቼ፣ መሳቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ጮኽኩበት። ጋኔን በምገሥጽበት ድምፅ በገዛ ልጄ ላይ ጮኽኩ። ልጁ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ቆመ። ያ አቋቋሙ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያ አንድ ዓርብ ማታ ደክሞኝ ጉድጓዱን ሳልከድን ገባሁ። ሳንቃ አጥቼ አልነበረም፤ አጠገቤ ሦስት ጥሩ ሳንቃ ነበር። ግን ለማድ ቤቱ በር ብዬ የገዛኋቸው ስለነበሩ ጭቃ እንዳይነካቸው ሳሳሁላቸው። “ነገ እከድነዋለሁ” አልኩ። ሌሊቱን ዘነበ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ዶሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ልጁ ሊያወጣት ብሎ አፋፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ እጁን ሰደደ። እኅቱ አይታው “እማዬ!” ብላ ጮኸች። እናቱ ሕፃኗን እንዳዘለች ሮጣ በእግሩ ጎትታ አወጣችው። እሱ ተኝቶበት የነበረው አፈር ወዲያው ተናደ። ጉድጓዱ ሦስት ሜትር ነበር። አፈሩ ሲወድቅ ድምፁን ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ምን እያደረግኩ ነበር? እየጸለይኩ ነበር። “ጌታ ሆይ፣ ልጆቼን ጠብቅ” እያልኩ ነበር።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ልጁን አቅፋ፣ በጭቃ እንደተለወሰች በሩ ላይ ቆመችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ “ይህ ሁሉ ሥራ ለማን ነው?”

ሁለት ሕጎች

በዚያ ቀን መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት የሄድኩት ወደ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ዘጸአት 21፥33-34 ነው። ሕጉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጉድጓድ ቆፍሮ ክፍቱን የተወ ሰው የሌላ ሰው ከብት ገብቶ ቢሞትበት ኪሳራው የእሱ ነው። ተመልከቱ፣ “አላሰብኩትም” ማለት ከኪሳራው አያድነውም። “አህያዋ ለምን አላየችም?” ብሎ መከራከርም የለም። ኃላፊነቱ የቆፈረው ሰው ነው። እግዚአብሔር ለአህያ እንዲህ ካሰበ፣ በመልኩ ለፈጠረው የአራት ዓመት ልጅ እንዴት አብልጦ አያስብ?

ሁለተኛው ዘዳግም 22፥8 ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ካላደረገና ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ ይሆናል። የእስራኤል ሰዎች ጣራ እንደ እኛ ቆርቆሮ ሾጣጣ አልነበረም፤ ጠፍጣፋ ነበር። ረዓብ ጣራዋ ላይ የተልባ እግር አስጥታ ነበር (ኢያሱ 2፥6)። ጴጥሮስ ሊጸልይ የወጣው ጣራ ላይ ነው (ሐዋርያት ሥራ 10፥9)። ማለትም ጣራው ሰው የሚውልበት ቦታ ነው፤ እንደ እኛ ጓሮ ማለት ነው። የእኛ ልጆች ጣራ ላይ አይውሉም፤ ጓሮ ነው የሚውሉት። ስለዚህ የእኛ “የጣራ ጠርዝ” የጉድጓዱ አፋፍ፣ የበርሜሉ ውኃ፣ የተተወው መሰላል ነው።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው አንድ ነገር አለ። እግዚአብሔር መከታውን ለብቻው የሚሠራ፣ ብር ሲገኝ የሚጨመር ነገር አላደረገውም። ከቤቱ ሥራ ጋር አብሮ ነው ያዘዘው። መከታ የሌለው ቤት በእግዚአብሔር ፊት ገና አላለቀም። እንግዲያው የጓሮ ሥራ ስናስብ የስሚንቶውንና የቆርቆሮውን ዋጋ ከማስላታችን በፊት የመክደኛውን ሳንቃ እናስላ።

አንዳንዶቻችን ደግሞ “እኔ በእምነት ነው የምኖረው፤ መላእክቱ ይጠብቃሉ” እንላለን። አዎ ይጠብቃሉ፤ አሜን። ግን ጌታችንን ከመቅደሱ ጫፍ እንዲወርድ የፈተነው ሰይጣን የጠቀሰው ይህንኑ የመላእክት ጥበቃ ነበር። ጌታ ግን በእግዚአብሔር ላይ ፈተና አላመጣም አለ (ማቴዎስ 4፥5-7)። ሳንቃ እያለ ጉድጓድ ክፍት ትቶ መጸለይ እምነት አይደለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ይህን የምላችሁ ያደረግኩት ሰው ነኝ። መጀመሪያ እንክደን፣ ከዚያ እንጸልይ።

በየምሽቱ አሥር ደቂቃ

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን አንድ ልማድ አመጣን። ሥራ ሲቆም፣ ዕቃ ከመታጠቡ በፊት፣ እኔና ባለቤቴ አብረን ጓሮውን አሥር ደቂቃ እንዞራለን። የምናየውን ልንገራችሁ።

1. ጉድጓድና ቦይ። በየምሽቱ ይከደናል፤ ልጅ ሊያነሣው በማይችል ሳንቃ፣ በላዩም ድንጋይ ተጭኖበት። ቆርቆሮ ብቻውን መክደኛ አይሆንም፤ ልጅ ቢረግጠው ይታጠፋል። ላስቲክ ደግሞ ይባስ፤ ወጥመድ ነው። የወጣው አፈር አፋፉ ላይ አይከመርም፤ ክብደቱ ጠርዙን ስለሚንደው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። አዲስ ሽንት ቤት ስትቆፍሩ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከውኃውም በታች በኩል ይሁን። አሮጌው ሽንት ቤት በአፈር ተሞልቶ ሲዘጋ ውሎ አድሮ ስለሚሰምጥ እየተጨመረበት ይታጠር። ወደ አሮጌ ጉድጓድ ደግሞ ማንም ሰው አይውረድ፤ ዕቃ ወደቀ ተብሎም ቢሆን። ውስጡ የሚታፈን መጥፎ አየር ሰውን ወዲያው ይጥላል፤ ሊያድነው ተከትሎት የወረደውም አብሮ ይሞታል።

2. ውኃ። ጭቃ ለማቡካት የተቀዳ በርሜልና ባልዲ ይገለበጣል ወይም በደንብ ይከደናል። የትንሽ ልጅ ራስ ከሌላው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ በአፉ ተደፍቶ ባልዲ ውስጥ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም። ጥቂት ጣት የሚሞላ ውኃ ይበቃዋል። ደግሞም አይጮኽም፤ በዝምታ ነው የሚያልቀው።

3. ምስማርና ሽቦ። ከአሮጌ አጣና ላይ ምስማሩን ወዲያው ነቅለን በቆርቆሮ ጣሳ እናስቀምጣለን። ብዙ ሰው መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዝገቱ ይመስለዋል፤ አይደለም። ተሕዋሲው የሚኖረው በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ነው፤ ምስማር ሲወጋ ወደ ጥልቅ ያስገባዋል። ልጅ ከተወጋ ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚሰጣቸው ክትባት ይህንን በሽታ ጭምር የሚከላከል ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የክትባት ካርዳቸውን አውጥታችሁ እዩ።

4. ስሚንቶና ኖራ። ዱቄቱ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ። ስሚንቶ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ቆዳ ያቃጥላል፤ መጀመሪያ ላያምም ይችላል፣ ሕመሙ ኋላ ነው የሚመጣው። ልጅ ከነካው ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡት። ዓይኑ ውስጥ ከገባ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

5. የተደገፈ ነገር። መሰላል ይጋደማል። ግድግዳ ላይ የተደገፈ አጣናና ቆርቆሮ መሬት ላይ ይደረደራል። ዶማ፣ መጥረቢያና መዶሻ ቤት ይገባሉ።

አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ልጁም የሥራው ተካፋይ ነው

ልጆችን ከጓሮ እናስወጣቸው ብንል የት ይሄዳሉ? ደግሞም መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሳየን ማስወጣትን አይደለም። ነህምያ ምዕራፍ 3ን አንብቡ። ብዙ ሰው ስም ብቻ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ግን ድንቅ ምዕራፍ ነው። የኢየሩሳሌም ሰዎች ብዙዎቹ ቅጥሩን የጠገኑት በየቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ቁጥር 12 ላይ ደግሞ ሰሎም የሚባል አንድ ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሆኖ ሠራ ተብሎ ተጽፏል። ሹም ነው፤ ሠራተኛ ሊያዝ ይችል ነበር። እሱ ግን ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ እግዚአብሔርም ልጆቹን በመጽሐፉ ላይ አሰፈራቸው።

እንግዲህ ለልጅ እውነተኛ ሥራ ስጡት፤ ግን ለዕድሜው የሚሆን። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ጠጠር ከአንድ ጣሳ ወደ ሌላ ያመላልሳል፣ ለአዲሱ የቡና ችግኝ በትንሽ ጣሳ ውኃ ያጠጣል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ገመድ ይይዛል፣ አጣና ይቆጥራል፣ ለጎመን ለሚሆነው መደብ ድንጋይ ይለቅማል። ደግሞ ከጓሮው አንድ ጥግ ለይታችሁ በገመድ አጥሩና “ይህ የእናንተ ነው” በሏቸው። እዚያ ማንም እንጨት አይከምርም፣ ማንም አይቆፍርም። እኛ ይህን ስናደርግ ሥራው ፈጠነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ዘገየ። ግን ልጁ ምስማር መትከሉን ተወ፤ ችግኝ መትከል ጀመረ።

ማድ ቤቷን ሳትተካ አታፍርስ

አባወራዎች፣ አሁን ለእናንተ ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቁጠር እንዳለበት አስተምሯል (ሉቃስ 14፥28)። ነገሩ ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ምሳሌው ግን ለዶማችንም ይሠራል። ብሩን ስትቆጥሩ ብቻችሁን አትቁጠሩ፤ ከሚስቶቻችሁ ጋር ቁጠሩ። ሁለት ነገር ልምከራችሁ። አንደኛ፣ አዲሱ ማድ ቤት ቆሞ እሳት ሳይነድበት አሮጌውን አታፍርሱ። በአንድ መዶሻ የምታፈርሱት የእሷን የሁለት ወር ኑሮ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትጀምሩ። ሁሉን አንድ ላይ የጀመረ ጓሮ ለልጆች የጦር ሜዳ ነው። በእኛ አካባቢ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ቦዩ ነው፤ ውኃው መንገድ ካገኘ ሌላው ሁሉ ይቀላል። አቅም ካነሰ ደቦ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለች። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ለአንድ ቅዳሜ ቢመጡ የወር ሥራ ይነሣል። ለመጠየቅ አንፈር።

እሑድ ደግሞ ይረፍ። ዶማው ይረፍ፣ ሚስትህ ትረፍ፣ ልጆችህም አባታቸውን በንጹሕ እጅ ያግኙት።

ቅጥሩ ሲቆም ልጆች ሲጠፉ

ወደ ነህምያ ልመልሳችሁ። ያ ቅጥር በ52 ቀን አለቀ (ነህምያ 6፥15)። ሰባኪዎች ይህን ቁጥር እንወደዋለን። ግን ምዕራፍ 5ን እንዘልለዋለን። በምዕራፍ 5 ላይ ሥራው እየተጧጧፈ እያለ ወላጆች፣ እናቶችም ጭምር፣ ወጥተው ጮኹ። ለምን? ከድህነት የተነሣ ልጆቻቸውን ለገዛ ወገኖቻቸው ባሪያ አድርገው እየሰጡ ነበር። በውጭ ቅጥሩ ከፍ ይላል፤ በውስጥ ልጆች ይጠፋሉ። ነህምያ ምን አደረገ? “ቅጥሩ ይለቅ፣ ከዚያ እናየዋለን” አላለም። ተቆጣ፣ ጉባኤ ጠራ፣ ልጆቹ ጉዳይ እልባት እንዲያገኝ አደረገ። ቀደም ሲልም በምዕራፍ 4፥14 ሕዝቡን ሲያደፋፍር ስለ ማን መዋጋት እንዳለባቸው ይዘረዝራል፤ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ከጠራ በኋላ ነው ቤቶቻቸውን መጨረሻ ላይ የሚጠራው። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። ልጅ ይቀድማል፣ ቤት ይከተላል።

የእኛ ምድር ልጅ መጥፋት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ የተወለደ አንድ ልጅ በባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ይህ ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ የተረጎመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዋጋ የሸጡት ሰዎች ምን እንደሸጡ አላወቁም። እኛስ ጭቃ አስነካብን ብለን የምንጮህበት ልጅ ነገ በእግዚአብሔር እጅ ምን እንደሚሆን እናውቃለን?

ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እያስቆጡ እንዳያሳድጉ የጻፈው (ኤፌሶን 6፥4) ልጆች በክፉ ቀን ከምንናገረው ይልቅ በሥራ ቀን የምንሆነውን ስለሚማሩ ይመስለኛል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ልጄ ፊት ተንበረከክሁ። “ልጄ፣ ጮኼብሃለሁ። ጉድጓዱንም ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ” አልኩት። “እሺ አባዬ፣ ዶሮዋንስ?” አለኝ። በመሰላል አወጣናት። አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። ልጁ ንስሐ ምን እንደሆነ የሚማረው ከዚያ ነው።

እነዚያ ሦስት ሳንቃዎችስ? በዚያው ጠዋት ጉድጓዱን ከደንኩባቸው። ማድ ቤታችን እስከ ሰኔ ድረስ በር አልነበረውም፤ መጋረጃ ነበር የተሰቀለበት። የመጣ እንግዳ ሁሉ “ፓስተር፣ በሩስ?” ይለኛል። “በሩ ጉድጓዱ ላይ ነው” እላለሁ።

ወገኖቼ፣ መዝሙር 127 አምስት ቁጥር ብቻ ነው። የሚጀምረው ቤት በመሥራት ነው፤ እግዚአብሔር ካልሠራው ድካሙ ከንቱ መሆኑን ይነግረናል። ከዚያ ሳይታሰብ ወደ ልጆች ይዞራል፣ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ይናገራል። ርእሱን የቀየረ ይመስላል፤ አልቀየረም። እግዚአብሔር “ቤት” ሲል በመጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

ምናልባት ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እኅቴ፣ በልብህ ወይም በልብሽ ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ ክፍት የቀረ ጉድጓድ ይኖር ይሆናል። የአባት ቁጣ የቆፈረው፣ ማንም ያልከደነው። ኢየሱስ ክርስቶስ ወደዚያ ጥልቅ ወርዶ ሊያወጣችሁ የመጣ ነው። ዛሬ ወደ እሱ ቅረቡ፤ በአካባቢያችሁ ወዳለች ቤተ ክርስቲያንም ሂዱና አብረዋችሁ እንዲጸልዩ ንገሯቸው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ልጆች እናመሰግንሃለን። ለእንጨት ሳስተን ለልጅ ያልሳሳንባቸውን ቀኖች ይቅር በለን። እጃችንን ባርክ፣ አፋችንን ጠብቅ። ማየት ያቃተንን አደጋ አሳየን፤ የምናየውን ደግሞ ዛሬ ማታ ሳንተኛ እንድንከድን ትጋት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

አሁን ተነሡና ጓሯችሁን ዙሩ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ።